ያልተቀመሰ አጃ

ያንን ቤተሰብ ቁርስ ላይ ያየ ሰው፣ ከትልቅ ግብዣ ጠግበው የመጡ እንግዶች ናቸው ይላል እንጂ በአንድ ሾፌርና በአንዲት አጣቢ ደሞዝ የሚተዳደሩ ናቸው ብሎ አያምንም። ትልቋ ልጅ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ገና ሳያርፍ ፍርዷን ትሰጣለች፤ አባቷ «ዳኛዋ» ብሎ ስም አወጣላት፣ ስሙም በዚያው ጸና። ታናሽ ወንድሟ የማያውቀውን ነገር ከምግቡ ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል፤ እሱ ደግሞ «ለቃሚው» ነው። ስም አውጪው አባት ራሱ ከልጆቹ የባሰ ነበር። ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የፈጀ ሾፌር ስለሆነ፣ ምግብ ቤት እያማረጠ መብላት እንጂ የቀረበለትን መብላት አልለመደም። የሾፌሩ እናት ግን፣ ቤቱ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው ባልቴት፣ ምግብ አይመርጡም፤ እሳቸው የሚመርጡት የምግቡን ሠሪ ነው። ከእሳቸው እጅ ያልወጣ ነገር ሁሉ «ይበላል፣ ምን ይደረጋል» ነው።

የእነዚህን ሁሉ አፍ የምትሞላው ሴት የአንድ ሆቴል አጣቢ ናት። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከሆቴሉ ሥር ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው ላብ የሚያወርድ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የማታውቃቸውን ሰዎች አንሶላ ከማሽን ወደ ማሽን ታሻግራለች፤ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ፣ የከንፈር ቀለም፣ የደም ጠብታ፣ ሁሉንም በበረኪና እያሳደደች ታጠፋለች። ቤቷ ስትገባ የጣቶቿ ጫፍ ተሸብሽቦ ነጭ ሆኖ ነው። በዚህ እጅ ነው እንግዲህ ለአራት ቀበጦች የምታበስለው።

አታማርርም ነበር። የማታማርረው ትዕግሥተኛ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ ኩራተኛ ስለሆነች ነው። በወጣትነቷ «ምላሷ ሚዛን ነው» የተባለላት ሴት ናት። ጎረቤት ድግስ ሲኖርበት ድስቱ ሁሉ እሷ ፊት ይቀርባል፤ ማንኪያ ታስነካና «ይሄ ትንሽ ይቀረዋል፣ ያኛው በቅቶታል» ትላለች፤ እሷ ያለችው ይሆናል። እማማ ሳይቀሩ አንድ ቀን አምልጧቸው «ይቺ ልጅ ምላስስ አላት» ብለዋል። ይህችን አንዲት ቃል አጣቢዋ እንደ ምስክር ወረቀት በልቧ አስቀምጣት ኖረች።

ሾፌሩ አንድ ቀን ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ጫማው አልወልቅ አለው። «ጫማው ነው የጠበበኝ» ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጣ አወለቀችለትና ቁርጭምጭሚቱን ጫን ብታደርገው፣ ጣቷ ያረፈበት ጉድጓድ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ በኋላ ደረጃ መውጣት፣ ጋደም ብሎ መተኛት፣ ሳያርፉ ማውራት በየተራ አቃተው። ሐኪሟ መርምራው ስታበቃ ልቡ ደክሟል አለች፤ ደም መግፋት ስለከበደው ውሃ ይቋጥራል፤ መሪ ከእንግዲህ አይታሰብም።

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረች። «መድኃኒቱን እኔ እሰጠዋለሁ። ጨውን መጠበቅ ግን ያንቺ ፋንታ ነው» አለቻት። «ጨው ውሃውን ይይዝበታል፣ ውሃው ልቡን ያስጨንቀዋል። ጨው ካልነካ ልጆቹ ሲያድጉ ያያል። ከነካ ግን አልዋሽሽም።»

«ጠዋት ጠዋት ምን ላብላው ታዲያ?»

«አጃ። ለልብ የሚስማማ ነገር ነው። ጨው ሳይገባበት።»

ለሾፌሩ ለብቻው ማብሰል ቀላሉ መንገድ ነበር። እሱ ግን ይህን አልሰማም አለ። ከተጋቡ ጀምሮ በዚያ ቤት አንድ ድስት ይጣዳል፣ ሁሉም ከእሱ ይበላል። «ለብቻዬ ድስት የተጣደልኝ ቀን ሞቻለሁ ብላችሁ ቁጠሩኝ» አለ፤ ሲናገርም ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ አጣቢዋ ቆረጠች፤ እሱ የማይበላውን ማንም አይበላም። የጨው ቆርቆሮውን ይዛ ወጥታ ፊት ለፊት ላለችው ጎረቤት ሰጠችና ተመለሰች። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ቤት ጨው አያውቅም» አለች። ዳኛዋ አለቀሰች። ለቃሚው ምን እንደተባለ ሳይገባው እህቱን አይቶ አለቀሰ። እማማ ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው «ይሁን» አሉ። እማማ «ይሁን» ሲሉ ተስማምተዋል ማለት እንዳልሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

የመጀመሪያው ቀን አጃ በውሃ ብቻ ተቀቀለ። ሾፌሩ ማንኪያውን ገልብጦ ያዘው፤ አጃው አልወድቅ አለ።

«የኔ እመቤት» አላት፣ «ይሄ እኮ ወረቀት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ነው።»

«አልበላም» አለች ዳኛዋ፤ መዝገቡም ተዘጋ።

አጣቢዋ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። የሆቴሉን ምግብ አብሳይ፣ ሽርጡን ሁልጊዜ ነጭ አድርጋ ስለምትመልስለት የሚወዳትን ሰው፣ ኩሽና በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። እንግዶቹ እንዴት ነው አጃ የሚበሉት? ሰውየው ተደስቶ አስተማራት። ማታ በወተት ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፤ ጠዋት ሙዝ ደቁሰሽ ጨምሪበት። ወይም መጀመሪያ በደረቁ መጥበሻ ላይ ቁዪውና ሽታው ሲመጣ ውሃ አግቢበት። ፖም ፈቅፍቀሽ፣ ቀረፋ ነስንሰሽ፣ ከእሳት አውርደሽ ከድነሽ አሳርፊው፤ ማረፍ አለበት፣ ዋናው እሱ ነው። ከፈለግሽም በእንቁላል ለውሰሽ እንደ ፓንኬክ ጋግሪው።

ሁሉንም ሞከረች። ሙዙን ዳኛዋ «ጠቁሯል» ብላ መለሰችው። ዘቢቡን ለቃሚው አንድ ሳያስቀር ለቅሞ ደረደረው። ዘቢቡ ሲቀር ፖሙን ለቀመ፤ ፖሙ ሲደቅ የአጃውን ገለባ ለቀመ። በመጨረሻ ሁሉንም ፈጭታ አልማ፣ የሚለቀም ነገር እንዳይኖረው አድርጋ አቀረበችለት፤ ልጁ በማንኪያው ሲፈልግ ሲፈልግ ቆይቶ ምንም ሲያጣ ተናዶ ሳህኑን ገፋው። ይህን ያየ ይስቃል፤ እሷም በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

የማያስቀው ሾፌሩ ነው። እሱ ስለ እሷ ብሎ ይሞክራል። ማንኪያውን ያነሳል፣ አፉ ውስጥ ያቆየዋል፣ እንደ ክኒን ይውጠዋል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ «ጠገብኩ» ብሎ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ያሸሸዋል። «ጉሮሮዬ አላሳልፍ አለኝ እንጂ አንቺ ምን ታደርጊ» ይላታል። እብጠቱ ጎድሎ ነበር፤ ግን ከእብጠቱ ሥር የቀረው ሰው አጥንት ብቻ ሆነ። ያ መኪና ሙሉ ጭነት ብቻውን ሲያስር የነበረ ክንድ የሻይ ብርጭቆ ለማንሳት የሌላውን እጅ እርዳታ ፈለገ። እማማ ከኩሽናው በር አጠገብ ካለችው በርጩማ፣ ከዱካቸው ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ሳህኑን ሲያሸሽ በየቀኑ ያያሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እዚህ ላይ ቤቱ ውስጥ ከአጣቢዋ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ሾፌሩ ከመታመሙ በፊት በነበረው ክረምት ብርቱ ጉንፋን ይዟት ከረመ። ጉንፋኑ ሄደ፤ ሽታ ግን አልተመለሰም። ቀጥሎ ምላሷ ዝም አለ። ሎሚ ቆርጣ ላሰችው፤ ቀዘቀዛት እንጂ አልኮመጠጣትም። ሽንኩርት አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ቆመች፤ አይኗ አለቀሰ፣ አፍንጫዋ ወሬም የለው። በረኪናው ነው አለች፤ ጉንፋኑም ይሁን በረኪናው እሱ ፈጣሪ ያውቃል። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። አልተመለሰም።

ለምን አልተናገረችም? ማን ፊት ትናገር! ፊደል እንደሚያርም መምህር ማንኪያ ይዘው በሚጠብቋት ሰዎች መካከል፣ «እኔ የማበስለውን አልቀምሰውም» ብትል ማን ከእጇ ይጎርሳል? እማማ በማግስቱ ኩሽናውን ይረከባሉ፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ያቺ አንዲት ምስጋና፣ «ምላስስ አላት» የተባለችው፣ ትሰረዛለች። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ሞኝነት ነው። ግን ሰው አንድ ብቻ ያለውን ነገር አጣሁ ብሎ መናገር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ብልሃት ፈጠረች። ሁሉን ነገር በብርጭቆና በማንኪያ ለካች። ድስቱ ሊያር ሲል በአፍንጫዋ ስለማታውቀው ጆሮዋን ሰጠችው፤ አጃ ሥሩ ሊይዝ ሲል ድምፁ ይወፍራል፣ አረፋው እየዘገየ ይፈነዳል። ሰው ፊት ማንኪያ አንስታ ትቀምሳለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። መጥፎ ይሁን ጥሩ የምታውቀው ግን ከሰዎቹ ፊት ነው። ዳኛዋ ቅንድቧን ካነሳች ከሽፏል፤ ሾፌሩ ሳህኑን ካላሸሸ ተሳክቷል።

አንድ ጠዋት ቆልታ፣ ፖም ጨምራ፣ ከእሳት አውርዳ ከደነችውና እንዲያርፍ ትታው ልጆቹን ልትቀሰቅስ ገባች። የዳኛዋን ፀጉር አበጠረች፤ ለቃሚው አንድ ካልሲ ጠፍቶበት እሱን ፈለገች። ስትመለስ እማማ ዱካቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው የፖም ልጣጭ ይሰበስባሉ። አጃውን ቀዳች።

ሾፌሩ አንድ ማንኪያ ጎረሰና ቆም አለ። አይኑን አንስቶ ሚስቱን አያት፣ ቆየት አድርጎ አያት። ከዚያ ሁለተኛውን ጎረሰ። ሦስተኛውን። ማንኪያው ሳህኑን ሲፍቅ ተሰማ።

«እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አላትና ጠቀሳት።

«ዛሬ ይበላል» አለች ዳኛዋ። ከዳኛዋ አፍ እንዲህ ያለ ፍርድ ወጥቶ አያውቅም። ለቃሚው ሳይቀር የለቀመውን መልሶ በላ።

አጣቢዋ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና በደስታ አለቀሰች። ምላሷ ባይኖርም እጇ አለ ማለት ነው! በዚያ ቀን ከምድር ቤቱ እንፋሎት ውስጥ ስታንጎራጉር የሰሙ ባልደረቦቿ ተያዩ። ምግብ አብሳዩን ስታገኘው «ማረፉ ነው ሚስጥሩ፣ እውነትህን ነው» አለችው፤ እሱም «አላልኩሽም?» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኖቹ ባዶ ይመለሱ ጀመር። ሾፌሩ ጉንጩ ሞላ። ቀልዱ ተመለሰ፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪናዎች ማርሽ አቀያየር እየሰደበ ይውላል። አጣቢዋ ማለዳ ድስቱን ከድና ልጆቹ ዘንድ ትገባለች፤ ስትወጣ እማማ ዱካቸው ላይ ናቸው፤ ትቀዳለች፣ ማንኪያ አስነክታ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እማማ ይህን አይተው አይናቸውን ይሰብራሉ።

ጉንጩ የሞላው ግን ሥጋ አብቅሎ አልነበረም። አንድ ቀን ካልሲውን ስታወልቅለት የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቱን እንደ ገመድ ከርክሮት አየች። ጣቷን አሳረፈች፤ ጉድጓዱ እንደሆነ ቀረ። በነጋታው ይዛው ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሟ ሚዛን ላይ አቆመችው፣ ጀርባውን አዳመጠች፣ ከዚያም ፊቷን አጠቆረች። «ጨው እየበላ ነው» አለች።

«ከእኔ እጅ?» አለች አጣቢዋ። «ጨው አስነክቼው ከሆነ አይኔን ግንባር ያድርገው። ቤቴ ውስጥ ጨው የለም። ጠይቂው።»

ሐኪሟ ወደ ሾፌሩ ዞረች። እሱ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። «እሷ የሰጠችኝን ነው የምበላው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እንግዲያ ዳቦው ነው» አለች ሐኪሟ። «የሚገዛ ዳቦ ጨው አለው። ዳቦ ይቅር። መድኃኒቱንም ከፍ አደርገዋለሁ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ሾፌሩ መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሽ ሰበሰበና እጇን ያዘ። «አንቺ እኮ ለእኔ ስትይ ሲኦልም ትገቢያለሽ» አላት። አባባሉ ግራ አጋባት፤ ግን ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ ስለማያውቅ ደስ ብሏት ደግፋው ወረደች እንጂ ምን ማለትህ ነው ብላ አልጠየቀችውም።

ዳቦ ከቤቱ ወጣ። በምትኩ አጣቢዋ የአጃ ቂጣ ለውሳ አሳድራ ማለዳ መጋገር ጀመረች፤ ሊጡም እንደ ድስቱ ኩሽና ውስጥ ተከድኖ ያርፋል። ሾፌሩ ጠዋት አጃ፣ ቀን የአጃ ቂጣ ከሾርባ ጋር፣ ማታ ቀሪውን በላ። እሷ ያንን ሲበላ እያየች እግዚአብሔርን ታመሰግናለች። እግሩ ግን ቀን በቀን ወፈረ፤ ትራሱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ መተኛቱን ትቶ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማንቀላፋት ያዘ። ሆስፒታል ገብቶ ወጣ። ሲወጣ እንደገና አጃውን በላ።

የመጨረሻው ጠዋት ሳህኑን ጨርሶ «ትንሽ ጨምሪልኝ» አላት። ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ብሎ አያውቅም። የድስቱን ሥር ጠርጋ ሰጠችውና ሥራ ሄደች። ረፋዱ ላይ የአንድ ትልቅ አልጋ አንሶላ ከባልደረባዋ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲያጥፉ አለቃዋ መጥታ ስልክ ነው አለቻት። አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ቤት ስትደርስ ጎረቤቶች ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን ነጠላ አልብሰውት ነበር። እማማ እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያበጠውን እግር አቅፈዋል። መስኮቱ ደፍ ላይ ሳህኑ አለ፤ ባዶ ነው።

ለቅሶ የመጣ ሁሉ «አንቺስ ምን ያላደረግሽለት አለ» አላት። እሷም በዚያ ተጽናናች። «በልቶ ነው የሄደው» ትላለች ለመጣው ሁሉ፤ «ሳህኑን ጨርሶ ነው የሄደው።» እማማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልጋቸው አልተነሱም፤ ኩሽናው በር ላይ ያለችው ዱካ ባዶዋን ቀረች።

የለቅሶው ሰው ሲበተን፣ ጎረቤት ያመጣው ምግብ ሲያልቅ፣ አንድ ጠዋት አጣቢዋ እንደ ድሮው አጃ ቆላች። ፖም ጨመረች፣ ከድና አሳረፈች፣ ልጆቹን ቀሰቀሰች፣ ቀዳች። ዳኛዋ አንድ ማንኪያ ጎርሳ ቅንድቧን አነሳች።

«እማዬ፣ ይሄ ጣዕም የለውም።»

«እንደ ድሮው ነው የሠራሁት።»

«አይደለም። ጨው ረስተሻል።»

አጣቢዋ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። «ምን ጨው? መቼ ጨው ገብቶበት ያውቃል?»

ልጅቷ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ እናቷን። «ሁልጊዜ ነዋ» አለች፣ ድምፅዋ እያነሰ። «አባዬ እኮ እንዳናወራ ነግሮን ነበር። ‹እናታችሁ አንጀቷ አልችል ብሏት ነው፣ ካወራችሁባት ትተወዋለች› ብሎን።»

ማዕዱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ስድስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሳይቀር፣ ያወቀውን ነገር ያላወቀች እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪሟ ፊት የማለችው መሐላ ትዝ አላት። ሸሚዙን እየቆለፈ አንገቱን የደፋው ትዝ አላት። ደረጃው ላይ የያዛት እጅ ትዝ አላት። ለእሱ ስትል በሐሰት የማለች መስሎት ነበር፤ እንዲያ እያመሰገናት ነው የሞተው።

እማማ ክፍል ገባች። ሻርፑ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። ፈታችው፤ ነጭ ነገር ነው። ጣቷን አርሳ አስነካችና ምላሷ ላይ አደረገችው። አሸዋ ቢሆንም አትለየውም። በዚያች ሰዓት አልጋው ላይ የተኙትን ሴት ጠላች፤ በሕይወቷ ማንንም እንደዚያ ጠልታ አታውቅም።

እማማ ነቅተው ያዩአታል። «እንግዲህ ዛሬ ልትጠይቂኝ ነው?» አሉ። «ያን ሁሉ ጊዜ ቀምሰሽ ዝም ብለሽ፣ ዛሬ?»

አጣቢዋ ቋጠሮውን አሳየቻቸው።

«መጀመሪያ አንዲት ቁንጥር ናት የነሰነስኩት። በረሃብ ሊሞትብኝ ነው አልኩ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ቀመስሽና ራስሽን ነቀነቅሽ። እሷም አላስቻላትም፣ ፈቀደች አልኩ። ከሐኪሟ ጋር የምትነጋገሪው አንቺ ነሽ፤ የሚገድለው ቢሆን ዝም አትዪም ብዬ አመንኩሽ። በማግስቱም ቀመስሽ፣ ዝም አልሽ። ጨመርኩ። ቂጣውንም፣ ሾርባውንም አልኩ፤ ሁሉንም እየቀመስሽ ዝም አልሽ።» ትራሱ ላይ ፊታቸው ኮሰመነ። «ታውቂ ነበር አይደል፣ ልጄ? ሁለታችንም አዝነንለት ነው አይደል?»

አጣቢዋ ጥላቻዋ እንደያዛት አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትናገር አሮጊቷ ልጃቸውን ለብቻቸው የገደሉ ይሆናሉ። አልጋው ላይ ያለችውን እፍኝ የማትሞላ ሰውነት አየች። አንጀቷን በላት።

«አውቅ ነበር፣ እማማ» አለች። «ሁለታችንም ነን።»

እማማ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት፣ ደግፋ አነሳቻቸው። ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ኩሽና ረገጠ። «ልጆቹ ይብሉ እንግዲህ፣ እነሱ ምን አደረጉ» ብለው ሻርፓቸውን ተቀብለው በድስቱ ላይ ያዙት። ቋጠሮው እንደተፈታ ነበርና ግማሹ ዘርገፍ ብሎ ገባ። ደንግጠው አማሰሉት።

«እስቲ ቅመሺው» አሉ፣ ማንኪያውን እያቀበሏት። «በዝቶብኝ እንዳይሆን።»

አጣቢዋ ቀመሰች። አፏ ውስጥ ሙቀት ብቻ ነበር። እንደ ወትሮዋ ከንፈሯን መጠጠች፣ ራሷን ነቀነቀች። «በቅቶታል፣ እማማ። ልክ ነው።»

ዳኛዋ ሳህኗን ተቀብላ አንድ ማንኪያ ጎረሰች፤ ወዲያው እጇ ላይ መልሳ ተፋችው። «ያቃጥላል! ጨው ብቻ ነው!» አለች። ለቃሚው ምላሱን በእጅጌው እየጠረገ ማልቀስ ጀመረ።

እማማ ማንኪያውን ከምራታቸው እጅ ወሰዱ። ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። ማንኪያውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የአጣቢዋን አፍ እያዩ ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

አጣቢዋ ልትዋሽ ፈለገች። የልጆቹ ሳህን ግን ፊቷ ነበር። «ጉንፋኑ ከያዘኝ ክረምት ጀምሮ» አለች።

እማማ ዱካቸውን በእጃቸው ፈለጉና ተቀመጡ። ያ ክረምት ሲያልፍ ልጃቸው ገና መኪና ይነዳ ነበር፤ ጨውም ከቤቱ አልወጣም ነበር፤ የመጀመሪያዋም ቁንጥር አልተነሰነሰችም ነበር። ይህን ሁሉ በልባቸው ሲያስቡት ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«እንግዲያ እኔ ብቻዬን ነኛ» አሉ።

አጣቢዋ ልጆቹን ውሃ ልታጠጣ ብርጭቆ አነሳች።